ለእያንዳንዱ ሰነድ የተለየ የጀርባ ንድፍ ማውጣት አቃተኝ

ሰላም ለእናንተ። የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ከገበሬዎች ጋር የምንፈራረማቸው የበቆሎና የጤፍ ግዢ ውሎች አሁን ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ናቸው። ችግሩ ቁርጥ አንድ መሆናቸው ነው። ያው ነጭ ገጽ፣ ያው ማህተም፣ ያው ሠንጠረዥ። ብዙ ፋይል አንድ ላይ ሲከፈት የጃቢ ጠህናኑ ከደምበጫው ጋር ይምታታል፤ የአንዱ ሂሳብ በሌላው ላይ ይጻፋል። ገንዘቡ የገበሬ ነውና በጣም ያሳስበኛል።

ነጠላ ከሩቅ በጥለቱ እንደሚለየው ሁሉ፣ እያንዳንዱ ውል ከጽሑፉ ጀርባ የራሱ ፈዘዝ ያለ ንድፍ እንዲኖረው አሰብኩ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጀመርኩት። መጀመሪያ የፋይሉን ይዘት በሻ-256 (ማንኛውንም ጽሑፍ ወደ አንድ ረጅም ቁጥር በሚለውጥ ስሌት) አስልቼ፣ የወጣውን ቁጥር ለፐርሊን ኖይዝ (ከአንድ ቁጥር ተነስቶ ደመና መሰል ጥላ ለሚስል ዘዴ) መነሻ አድርጌ ሰጠሁት። ግን አንድ ፊደል ብቻ ሲታረም ቁጥሩ እንዳለ ይለወጣል፤ ንድፉም አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ በይዘቱ ፈንታ የውሉን መለያ ቁጥር አስገባሁ። ይሄኛው ተስተካክሏል።

አሁን የያዘኝ ሌላ ነው። ንድፎቹ ለኮምፒውተሩ ይለያያሉ፣ ለዓይን ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ጥላው ቦታ ይቀያይራል እንጂ መልኩ ያው ነው። በቀለም እንዳልለያቸው ማተሚያችን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያወጣው። ጠቆር ሳደርገው ደግሞ የፊደሉ ቅጥያ ይዋጣል፤ «ሉ» «ለ» ሆና ትነበባለች።

በመለያ ቁጥሩ እየመራሁ የንድፉን ምን ምን ባቀያይር ነው፣ ጽሑፉ ሳይሸፈን፣ ሁለት ውሎች በጥቁርና ነጭ ህትመትም ላይ በአንድ እይታ የሚለዩት?