በአንባቢ ድምፅ ዜና ይመርጡ የነበሩ ድረ ገጾች ለምን ተዳከሙ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

በደብረ ብርሃን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባብራለሁ። ተማሪዎቼ ዜና የሚያገኙት ከቴሌግራም ቻናልና ከፌስቡክ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ስለነበረው አሠራር አጭር ትምህርት እያዘጋጀሁላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረው ዲግ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የፊት ገጹን ዜና የሚመርጠው አዘጋጅ ሳይሆን የአንባቢው ድምፅ እንደነበር አንብቤአለሁ። እንዲህ የተወደደ አሠራር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዴት ፈረሰ? ከዛሬው የተሻለ ነበር ብዬ ባስተምርስ ትክክል እሆናለሁ?

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

መምህር፣ በዚያ ዘመን ከኢንተርኔት ቤት ሰዓት እየገዛሁ ዲግን እከታተል ስለነበር የማውቀውን ልንገርዎ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1997 ጀምሮ የነበረው ስላሽዶት የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽም ከአንባቢ ጥቆማ ይቀበል ነበር፤ የትኛው ይውጣ የሚለውን የሚወስኑት ግን አዘጋጆቹ ነበሩ። ኬቨን ሮዝና ጓደኞቹ ያቋቋሙት ዲግ ይህን ውሳኔ ለአባላቱ ሰጠ፤ አንዱ ያገኘውን ሊንክ ያስቀምጣል፣ ሌሎቹ ድምፅ ይሰጡታል፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ድምፅ ያገኘው ፊት ገጽ ላይ ይወጣል። እዚያ የወጣ አነስተኛ ድረ ገጽ ከጎብኚ ብዛት የተነሣ ሥራ እስከ ማቆም ይደርስ ነበር።

የአባላቱ ጉልበት በግልጽ የታየው በሜይ 2007 ነው። ኤችዲ ዲቪዲ በተባለው የዲስክ ዓይነት የሚወጡ ፊልሞችን የቅጂ መከላከያ ለመፍታት የሚያገለግል የቁጥር ቁልፍ አባላት ሲለጥፉ፣ ድርጅቱ የሕግ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ማጥፋት ጀመረ፤ እነርሱ ግን ያንኑ ቁጥር ደጋግመው በመለጠፍ ፊት ገጹን ስለሞሉት፣ ሮዝ ራሱ ማጥፋቱን እንደሚተዉ በይፋ ጻፈ። ውድቀቱ የመጣው በኦገስት 2010 ድረ ገጹ ለአራተኛ ጊዜ ታድሶ ሲወጣ ነው። አሳታሚ ድርጅቶች ዜናቸውን በቀጥታ እንዲያስገቡ ተፈቀደ፣ አንባቢው ያልወደደውን ዜና ዝቅ የሚያደርግበት ቁልፍም ተነሣ። የተቆጡት አባላት ለተፎካካሪው ለሬዲት ሊንኮች ድምፅ እየሰጡ ፊት ገጹን ሞሉት፣ ከዚያም ብዙዎቹ ወደዚያው ሄዱ። በ2012 የዲግ ስምና ድረ ገጹ ቤታወርክስ ለተባለ ድርጅት ሲሸጥ ዋጋው 500,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ተዘግቧል። በእኔ እምነት ዲግን ያፈረሰው ባለቤቶቹ የመምረጥ ሥልጣኑን ከአንባቢው መልሰው መውሰዳቸው ነው።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

ወንድሜ የጻፈው ታሪክ ትክክል ነው፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። ዲግ ከ2010 በፊትም የሁሉም አንባቢ አልነበረም። ጥቂት ትጉ አባላት እርስ በርስ ድምፅ እየተሰጣጡ የፊት ገጹን ሰፊ ክፍል ይይዙ ነበር፤ ያልወደዱትን ዜና ተደራጅተው የሚቀብሩም ነበሩ። ስለዚህ መምህር፣ «የተሻለ ነበር» ከማለት ይልቅ «አሠራሩ ይታይ ነበር» ቢሏቸው ይመረጣል፤ የድምፁ ብዛት ከዜናው አጠገብ ተጽፎ ስለሚታይ፣ ይህ ለምን እላይ ወጣ ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ዛሬ ፌስቡክ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን የሚያስከትልበትን ምክንያት ተማሪው ከየት ያየዋል?

እኔን ከድምፁ ይልቅ የሚቆጨኝ አርኤስኤስ የተባለው፣ የድረ ገጾችን አዲስ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያቀርበው ዘዴ መዘንጋቱ ነው። አንባቢው የሚፈልጋቸውን ድረ ገጾች ራሱ መዝግቦ፣ አዲስ የወጣውን በጊዜ ቅደም ተከተል ያነብ ነበር፤ ለዚህ ያገለግል የነበረው የጉግል አገልግሎት፣ ጉግል ሪደር፣ በጁላይ 2013 ሲዘጋ ብዙ ሰው ይህን ልማድ ተወ። የአገራችንንም ነገር አይዝለሉት። ከ2006 ጀምሮ በውጭ የሚዘጋጁ በርካታ የኢትዮጵያ የዜና ድረ ገጾችና ብሎጎች አገር ውስጥ እንዳይከፈቱ ታግደው ስለነበር፣ ዲግ ላይ ድምፅ መስጠት የሚችል የሸዋ አንባቢ ስለ ገዛ አገሩ የተጻፈውን ማየት ይሳነው ነበር። መንግሥት 264 ድረ ገጾች መከፈታቸውን ያስታወቀው በ2018 ነው።

መልስ፦ ከአንኮበር

ለማስተማሪያ፣ የድረ ገጾችን የድሮ መልክ አስቀምጦ የሚያሳየውን የኢንተርኔት አርካይቭን ዌይባክ ማሽን ይጠቀሙ። የዲግን አድራሻ አስገብተው የ2006ንና የ2010 መጨረሻን ፊት ገጽ ጎን ለጎን ያሳዩአቸው። ኔትወርክ ሊያስቸግር ስለሚችል ገጾቹን አስቀድመው ቢያትሟቸው ይሻላል።

ምላሽ፦ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመሐል ሜዳውን ወንድሜን ሐሳብ ተቀብዬ፣ የክበባችንን የግድግዳ ጋዜጣ አንድ ሳምንት በአዘጋጆቹ፣ በሚቀጥለው በተማሪው ድምፅ አስመርጬ፣ የድምፁን ብዛት ከእያንዳንዱ ዜና ሥር አስጽፋለሁ። ጓደኞቻቸውን አሰልፈው የሚመጡ እንደሚኖሩ እገምታለሁና፣ ይህን እንዴት እንደምይዘው ልምድ ያላችሁ ጻፉልኝ።