የቁልቢ ጉዞ፦ በተራራው ወይስ በአየር?

ጸሐፊ፦
እንደምን አመሻችሁ። እሁድ ጽዋው ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ጠበል ጻዲቁ አለቀ። እዚህ እንቋጨው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ለመገኘት ተስማምተናል። 17 ሰው ነን። ያልተስማማነው አካሄዱ ላይ ነው። ገሚሱ በአዋሽና በአሰበ ተፈሪ አድርገን በመኪና ይላል። ገሚሱ እስከ ድሬዳዋ እንብረር ይላል። ለጽዋ ማኅበራችን መሪ ለሙሴያችን አንድ የጋራ ሐሳብ በጽሑፍ መስጠት ስላለብን ሁሉም የሚለውን ይበል።

የባንክ ሠራተኛዋ፦
እኔ ለአውሮፕላን ነኝ። ያለኝ ፈቃድ ሁለት ቀን ብቻ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ጠዋት ቦሌ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቁልቢ። በመኪና ግን አንዱ ቀን መሄጃ፣ አንዱ ቀን መመለሻ ይሆናል። ታዲያ ንግሡን መቼ ላነግሥ ነው?

ጡረተኛው ሾፌር፦
ልጄ፣ አውሮፕላኑ ቁልቢ አያርፍም እኮ። ድሬዳዋ ነው የሚያወርድሽ። ከዚያ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርሻል፣ ያውም ደንገጎን ወጥተሽ። ከአንዱ ኩርባ ሳትወጪ ሌላው ይቀበልሻል። ዞር ስትዪ ከተማዋ ከእግርሽ ሥር ናት። ከተራራ ሸሽተሽ ብትበሪም ተራራው እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ደግሞስ በዋዜማው ዕለት ከድሬዳዋ ኮንትራት መኪና በቀላሉ ይገኛል? እኔ በዚያ ቀን መኪና የሚጠብቅ ሰው እንጂ ሰው የሚጠብቅ መኪና አይቼ አላውቅም።

የባንክ ሠራተኛዋ፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

ተማሪው፦
ባቡሩስ?

ጡረተኛው ሾፌር፦
ባቡሩ በቆላው ነው የሚሄደው። ለቡ ድረስ ሄደህ ተሳፍረህ ድሬዳዋ ስትወርድ ደንገጎ ያው እዚያው ነው። የአውሮፕላኑ ጣጣ እንዳለ ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ ይቀርብሃል።

ተማሪው፦
እሺ ጋሼ፣ ተውኩት።

እትዬ፦
የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ስለ ጉልበቴ ብላችሁ ወደ አውሮፕላን አትጎትቱኝ። ያኔ ልጄ ታሞብኝ የተሳልኩት በእግሬ ልመጣ ነው። ከአሰበ ተፈሪ ጀምሬም ሄጃለሁ። ሂርና ስደርስ እግሬ ቆሳስሎ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት ደጃፏ ላይ አስቀምጣ በሞቀ ውሃና በጨው አጠበችኝ። አጠገባችን ማሽላ ተከምሮ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሽታው አለብኝ። አሁን እግሬ እምቢ ስላለ መኪና ይሁን ብያለሁ። ከዚያ በላይ አትደራደሩኝ። ክንፍ ያለው ገብርኤል ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ነርሷ፦
እትዬ፣ ስለትዎ እንዳለ ሆኖ ደም ብዛትም አለብዎት። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እግር ያሳብጣል። በመኪና ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ቆመን ወርደን እንንቀሳቀስ። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ክኒን ለማንም አይደርስም። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነው። ስኳር ያለባችሁ ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አነጋግሩ። አዋሽ ላይ ይሞቀናል፣ ቁልቢ ማታ ያንቀጠቅጠናል። ጋቢ እንዳትረሱ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 17 ትኬት ቆርጠን የድሬዳዋውን መኪና ስንጨምርበት ከአዲስ አበባ ኮስተር ከመከራየት በብዙ ይበልጣል። ሌላው የስለቱ ጥላ ነው። ባለፈው ጉዞ በነጠላ ብቻ ጠቅልለን ከሻንጣ ጋር ጫንነውና ሲከፈት አንዱ ሽቦ ጎብጦ ወጣ። ጥፋቱ የራሳችን ነበር። ካህኑ ፈገግ ብለው ተቀበሉን፤ እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዘንድሮ ጥላው ሰው ጭን ላይ ነው የሚሄደው።

ሙሴ፦
ዋናውን ጥያቄ ማንም አላነሳም። መንገዱ ሰላም ነው ወይ?

ጡረተኛው ሾፌር፦
ጥሩ ጠየቁ። ከአዋሽ ወዲያ ያለውን በዋዜማውም በዕለቱም ለሾፌሮች ደውለን እንጠይቃለን። ጥሩ አይደለም ካሉን እንቀራለን፤ ገብርኤል ከቤታችንም ይሰማናል። ከአዋሽ ወዲያ በጨለማ አይነዳም። ደግሞ ሾፌሩን እኔ ነኝ የምመርጠው። ቁልቁለት በወጣህበት ማርሽ ነው የሚወረደው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚለቅ አለ፤ ፍሬኑ እየጋለ ይሄድና የተቃጠለ ነገር ይሸትሃል። ያኔ መቆም እንጂ ጸሎት ብቻ አያዋጣም። ኩርባ ላይ የሚደርበውን የጫት አይሱዙም ዳር ይዞ የሚያሳልፍ፣ እልህ የሌለው ሰው ነው የምፈልገው።

ለወጣቶቹ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። መተሐራ ላይ በሰቃን ታያላችሁ። ድሮ ትንሽ ሐይቅ ነበረች፤ ዓመት ዓመት እየሰፋች መንገዱ ድረስ መጣች። ከፈንታሌ ሥር የእሳተ ገሞራው ጥቁር ድንጋይ እንደታረሰ ማሳ ተገለባብጦ ይታያል። ከሚኤሶ በኋላ ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ነው፤ ሙቀቱ ይቀራል፣ መስኮት ይዘጋል። ዳገቱ ሁሉ ጫትና ማሽላ ነው። ጨለንቆ ምኒልክና አሚር አብዱላሂ በ1879 የተዋጉበት ነው። ይሄን ሁሉ ከላይ ሆኖ በደመና ውስጥ ማለፍ ያሳዝነኛል።

ተማሪው፦
ጋሼ፣ አሁን በመኪናው አሳመኑኝ።

የባንክ ሠራተኛዋ፦
እኔንም ልታሳምኑኝ ነው፤ የፈቃዴን ነገር ግን ማን ይፍታልኝ? 17 ጠዋት ከተነሳችሁ ሥራ ላይ ነኝ።

ነርሷ፦
17 ከሥራ በኋላ ብንነሳስ? 11 ሰዓት ላይ ወጥተን በፍጥነት መንገዱ አዳማ ገብተን እንደር። ለእትዬም ይሻላል፤ ወደ 450 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በአንድ ቀን አይቀመጡም።

ጡረተኛው ሾፌር፦
ይሄ ጭንቅላት ነው! አዳማ ድረስ ያለው መንገድ ማታም ቢሆን አያሰጋኝም። 18 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአዳማ ከተነሳን፣ እያረፍንም ቢሆን ከሰዓት ቁልቢ ነን።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ረቂቁ ይሄ ነው፤ አርሙት።

“ማኅበሩ ታኅሣሥ 17 ከቀኑ 11 ሰዓት በኮስተር ተነስቶ አዳማ ያድራል። 18 በአዋሽና በአሰበ ተፈሪ በኩል ቁልቢ ይገባል። 19 ከንግሡ በኋላ ሁሉም ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ ያድራል። 20 ጠዋት ሥራ ያለበት በራሱ ወጪ በአውሮፕላን ይመለሳል፤ የቀረው በመጣበት ኮስተር። የስለቱ ጥላ በመኪናው ውስጥ እንጂ ከላይ አይጫንም።”

ገንዘብ ያዥ፦
“ሁለት ሾፌር” የሚለውን ጨምርበት። የመመለሻ ትኬት የምትፈልጉ ስማችሁን እስከ ዓርብ ስጡኝ፤ ለንግሡ ሰሞን ቦታ ቶሎ ያልቃል።

የባንክ ሠራተኛዋ፦
አንድ ለእኔ። ከሰዓት ሥራ እገባለሁ፤ ግማሿን ቀን አለቃዬን እለምናለሁ።

ሙሴ፦
እኔ ተስማምቻለሁ። ተቃውሞ ያለው?

እትዬ፦
ተቃውሞ የለኝም። ግን ስለቱ መሄጃውን ነው እንጂ መመለሻውን አልተሳልኩም። ለእኔም አንድ ቁረጡልኝ። መስኮት አጠገብ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦
እትዬ! እሺ፣ የመታወቂያዎን ፎቶ በልጅ ልጅዎ በኩል ይላኩልኝ።