የጋራ ረቂቃችን አንቀጽ 3፦ የክስ ፈንድ ወይስ የማስረጃ መዝገብ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የሶፍትዌር አዘጋጆች ማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ በተወሰነው መሠረት ለሥራ አመራር ቦርዱ የሚላከውን የጋራ ሐሳብ ረቂቅ ለውይይት አቅርቤአለሁ። በአንቀጽ 1 እና 2 ላይ ተቃውሞ ስላልተሰማ እንደጸደቁ ቆጥሬ አልፌአቸዋለሁ። ያከራከረን አንቀጽ 3 ነው፤ እንዲህ ይነበባል፦ «ገበያውን በበላይነት የያዘ ድርጅት በአባላት ላይ ለሚያደርሰው በደል በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ የሚመሠረትበት የጋራ ፈንድ ይቋቋማል፤ ክሱ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስም አባላት ምርቶቻቸውን በአንድነት ከድርጅቱ መድረክ ያነሣሉ።» የምትጠቅሷቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቢሆኑ ለቃለ ጉባኤው ይመቸኛል።

የአማርኛ መጻፊያ መተግበሪያ የሚሠሩ አባል፦
አንቀጹ እንዳለ እንዲጸድቅ እጠይቃለሁ። ትንሽ ድርጅት ግዙፉን ከሶ ምንም አያገኝም የሚለው አባባል እውነት አይደለም። በዩታ ግዛት የነበረችው ካልዴራ በጁላይ 1996 የማይክሮሶፍት ዶስ ተፎካካሪ የነበረውን ሥርዓተ ክወና (ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር) ዲአር-ዶስን ኖቬል ከተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ገዝታ ወዲያውኑ ማይክሮሶፍትን ከሰሰች። ካነሣቻቸው ማስረጃዎች አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ማይክሮሶፍት በ1991 መጨረሻ ለሙከራ ባሠራጨው ዊንዶውስ 3.1 ውስጥ፣ ከሥር ያለው ዶስ የራሱ የማይክሮሶፍት መሆን አለመሆኑን የሚመረምር፣ አሠራሩም ሆን ተብሎ የተሰወረ ኮድ ነበረ። ዶሱ የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ «ስሕተት ቁጥር 2726» የሚል መልእክት ብቅ ይልና ተጠቃሚው የማይክሮሶፍትን የሙከራ ድጋፍ ክፍል እንዲያነጋግር ያዝዘዋል። ለሽያጭ በወጣው ቅጂ መልእክቱ እንዳይታይ ቢደረግም ኮዱ ሳይወጣ ቀርቷል። ክርክሩ በጃንዋሪ 2000፣ ችሎቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት በስምምነት ተዘጋ፤ ከዓመታት በኋላ ይፋ የሆነው ክፍያ 280 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እኔም ማሻሻያዬ ምክንያቱ ሳይነገረኝ ለወራት ታግዶብኝ ሳለ የመድረኩ ባለቤት ተመሳሳይ ምርት አውጥቶብኛልና ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም።

የሕግ ባለሙያ የሆኑ አባል፦
የወንድማችንን ቁጭት እጋራለሁ፤ ይሁን እንጂ የአንቀጹ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ካልተሰረዘ ተከሳሾቹ እኛው እንሆናለን። እርስ በርስ የሚወዳደሩ ድርጅቶች ተማክረው ምርታቸውን ከገበያ ቢያነሡ ድርጊቱ ራሱ የአሜሪካ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ በሆነው በሸርማን ሕግ አንቀጽ 1 የሚያስጠይቅ አድማ ነው። እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ለድኻ ተከሳሾች የሚቆሙ ጠበቆች በ1983 አበላችን ካልተጨመረ አዲስ መዝገብ አንይዝም ብለው አድመው ነበር። ከተማው ጨመረላቸው፤ በ1990 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አድማቸው ሕገ ወጥ ነበር ሲል ወሰነ። ጥያቄያቸው ተገቢ መምሰሉ አላዳናቸውም። በአንጻሩ ለመንግሥት አካል በጋራ አቤት ማለት በሕግ የተጠበቀ መብት ስለሆነ፣ አድማው የነበረበት ቦታ ላይ አቤቱታ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ስለ ክሱም ቢሆን፣ አብዛኞቻችን ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የተጫንነው ውል የግልግል ዳኝነትን የሚያስገድድና የጋራ ክስን የሚከለክል ሊሆን ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ኢታሊያን ከለርስ የተባለው የካሊፎርኒያ ምግብ ቤት አሜሪካን ኤክስፕረስን በከሰሰበት ጉዳይ፣ ለብቻ መከራከር ከሚገኘው ካሳ በላይ ወጪ የሚያስወጣ ቢሆን እንኳ እንዲህ ያለው ክልከላ ይጸናል ብሏል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ውሉን አስቀድሞ ያስመርምር። የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው ገደብ፣ 4 ዓመት ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት በዚያው ጉዳይ ክስ ከመሠረተ፣ ክሱ እስካለና ከዚያም በኋላ ለ1 ዓመት ይርጋው አይቆጠርም። የረታ ከሳሽ የጉዳቱን ሦስት እጥፍና የጠበቃ ወጪውን የማግኘት መብት እንዳለውም መዘንጋት የለበትም፤ ትልልቅ የሕግ ቢሮዎች እንዲህ ያለውን መዝገብ አንዳንዴ ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚይዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጡረታ የወጡ ኢንጂነር አባል፦
ካልዴራን ያነሣው ልጃችን ልክ ነው፤ ነገር ግን ካልዴራ የገዛችው ከገበያ ተገፍቶ ያለቀለትን ምርት ከነመክሰስ መብቱ ነው። ገንዘቡ ሲመጣ ዲአር-ዶስ ተወዳዳሪ መሆኑ ቀርቶ ነበር። «ቢ» የተባለችው የሶፍትዌር ድርጅት ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሂታቺ በጃፓን በሸጣቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ የቢን ሥርዓተ ክወና ቢኦኤስን ከዊንዶውስ ጎን ጭኖ ነበር፤ ማሽኑ ሲነሣ ግን ምርጫ የሚያቀርብ ገጽ አይመጣም፤ ገዢው በፍሎፒ ዲስክ ካላስነሣው በቀር ሁለተኛ ሥርዓት መኖሩን እንኳ አያውቅም። ቢ ይህን ያመጣው ማይክሮሶፍት በአምራቾች ላይ የሚጭነው የፈቃድ ውል ነው ስትል በ2002 ከሰሰች፤ ያን ጊዜ ግን ንብረቷን የእጅ ኮምፒውተር አምራች ለሆነው ፓልም በ11 ሚሊዮን ዶላር ሸጣ ነበር። በ2003 ማይክሮሶፍት ጥፋተኛነቱን ሳያምን 23.25 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ባለአክሲዮኖች ተካፈሉት እንጂ ቢኦኤስ አልተነሣም።

ማይክሮሶፍትን የከሰሰችው፣ በኮነቲከት የነበረችው የሶፍትዌር ድርጅት ብሪስቶል ቴክኖሎጂ እስከ ጁሪ ደርሳለች። ጁሪው በ1999 የሞኖፖሊ ክሷን ውድቅ አድርጎ፣ በግዛቱ የንግድ ሕግ መሠረት ተታልላለች በማለት የፈረደላት 1 ዶላር ነው። አዎን፣ አንድ ዶላር። ዳኛዋ በማግሥቱ ዓመት 1 ሚሊዮን የቅጣት ካሳ ጨመሩበት። ኖቬል በጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሙ በዎርድፐርፌክት ጉዳይ ማይክሮሶፍትን በ2004 ከሶ እስከ 2014 ተከራክሮ ባዶ እጁን ተመልሷል፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2013 እንዳለው፣ ገበያውን የያዘ ድርጅት ቢሆንም የራሱን ቴክኒክ ለተፎካካሪው የማካፈል አጠቃላይ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ አቤቱታችን «በር ዘጋብን» በሚል ብቻ ከቆመ ደካማ ነው፤ «ደንበኛችንን አሳሳተ» ወይም «አምራቹን በውል አሰረ» የሚል ማስረጃ ይፈልጋል።

የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ፦
የክስ ፈንዱን አልደግፍም። በዚህ ዓይነት ክርክር የገበያውን ድርሻ የሚያሰሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ክፍያ ብቻ የአባልነት መዋጯችንን ጠራርጎ ይወስዳል። አፕል በ2021 ከአሜሪካ ትንንሽ የመተግበሪያ አዘጋጆች ጋር በ100 ሚሊዮን ዶላር ሲስማማ፣ ለአንድ አዘጋጅ የታሰበው ክፍያ ከ250 እስከ 30,000 ዶላር ነበር። አባሎቻችን በዚያ ተካፋይ ለመሆን ፈንድ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ የሚያስፈልጋቸው ማስታወቂያውን በጊዜው ማየትና የገቢ ሰነድ መያዝ ነበር።

የአማርኛ መጻፊያ መተግበሪያ የሚሠሩ አባል፦
አድማው እንዲወጣ ተስማምቻለሁ፤ ታላቃችን ኢንጂነሩ ያሉትንም ተቀብያለሁ። የመክሰስ በር ግን እንዳይዘጋ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ማይክሮሶፍትን የከሰሰችው የቪዲዮ ሶፍትዌር ድርጅት በርስት ዶት ኮም ሠራተኞቿን ከሞላ ጎደል አሰናብታ ሳለ ከማይክሮሶፍት በተሰጧት ኢሜይሎች ውስጥ ክፍተት እንዳለ በማሳየቷ፣ ዳኛው የመጠባበቂያ ቅጂዎቹ እንዲፈተሹ አዘዋል፤ በ2005 60 ሚሊዮን ዶላር አግኝታለች። ስለ አቤቱታም የኖርዌዩን የድር ማሰሻ አዘጋጅ ኦፔራን አርአያ ብናደርግ ይበጃል። በዲሴምበር 2007 ለአውሮፓ ኮሚሽን አመለከተ፤ በዲሴምበር 2009 ማይክሮሶፍት ለተጠቃሚዎች የድር ማሰሻ ምርጫ ሊያቀርብ ግዴታ ገባ፤ ግዴታውን ባጓደለ ጊዜም በ2013 561 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። ቅጣቱ ለኦፔራ ኪስ አልገባም፤ ምርቱ ግን ገና በሕይወት ሳለ ገበያው ተከፍቶለታል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት አንቀጽ 3 እንደሚከተለው ተስተካክሏል፦ «ሀ) እያንዳንዱ አባል ከመድረክ ባለቤቶች ጋር ያደረገውን የደብዳቤና የኢሜይል ልውውጥ፣ የእገዳ ማስታወቂያዎችን፣ የውል ቅጂዎችንና የስሕተት መልእክቶችን ምስል ከነቀናቸው በራሱ ዘንድ ይይዛል፤ በደሉ የታወቀበትንም ቀን ለይርጋ ሲባል ይመዘግባል። ለ) ማኅበሩ የተበደሉ አባላትን ማስረጃ አሰባስቦ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የፀረ ሞኖፖሊ ክፍል የጋራ አቤቱታ ያቀርባል። ሐ) ፈንዱ ለውል ምርመራና ለመጀመሪያ የሕግ ምክር ብቻ ይውላል፤ ክስ የመመሥረት ውሳኔ የየአባሉ ነው።» የሕግ ባለሙያዋ ባሳሰቡት መሠረት አባላት ዋጋቸውንና የንግድ ዕቅዳቸውን በማኅበሩ ስብሰባ እንዳይወያዩ የሚከለክል ንዑስ አንቀጽ መ ተጨምሯል። ሒሳብ ያዡ በፊደል ሐ ላይ የወጪ ጣሪያ ይቀመጥ ያሉት ሐሳብ ድምፅ ስላላገኘ፣ በልዩነት ሐሳብነት ተይዞ ከረቂቁ ጋር ለቦርዱ ይላካል።