የንባብ ክበባችን ታሪክ ከመድገም እንዴት ይውጣ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በየወሩ የምንገናኝ ጥቂት አንባቢዎች ነን። እያንዳንዱ ስላነበበው አንድ ገጽ ጽፎ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ሁሌም ታሪኩን መልሶ መተረክ ነው።

በዚህ ወር ተራው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስለሆነ ነገሩ ባሰ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን፣ ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ የተረከውን ልብ ወለድ ለማን ነው የምንተርከው? በዛብህና ሰብለ ወንጌል ምን እንደገጠማቸው ሁሉም ያውቃል። እኔ መስማት የምፈልገው ጉዱ ካሳ ሲናገር አንባቢው የት ላይ እንደተስማማ፣ የት ላይ እንደተናደደ ነው። ስጠይቅ የማገኘው መልስ «መጽሐፉ አስተማሪ ነው» የሚል ነው። (አስተማሪ ያልሆነ መጽሐፍ እስካሁን አልገጠመንም!)

ሌላም አለ። በዕድሜ የሚበልጡን ጡረተኛ መምህር ልብ ወለድ እየጻፉ ያነቡልናል። አስተያየት አጥብቀው ይሻሉ፤ እኛ ግን «ግሩም ነው፣ ጋሼ» ብለን እናልፋለን። ማን ደፍሮ ይተች?

የንባብ ክበብ የመራችሁ፣ ከንባቡ በፊት ምን ዓይነት ጥያቄ ትሰጣላችሁ? የጸሐፊውን ስም ደብቆ ማንበብስ የሞከረ አለ? የምንሰበሰበው ቅዳሜ ነውና እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።