ክርክር፦ ማኅበረሰብ ለተነጠቀው መሬት ካሳ ሲጠይቅ ምን ያህል ይፈተን?

መነሻ ጥያቄ
በኬንያ የማው ደን የሚኖሩት ኦጊየኮች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ደኑን በ30 ቀን ውስጥ ልቀቁ ተባሉ። ታንዛኒያ፣ አሩሻ ያለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ካሳውን የወሰነላቸው ግን በሰኔ 2022 ነው፦ 57,850,000 የኬንያ ሽልንግ ለቁሳዊ ጉዳት፣ 100,000,000 ለሞራል ጉዳት። ከ12 ዓመት በላይ ማለት ነው። ነባር ሕዝቦች የመሬት ካሳ ሲጠይቁ የሥነ ሥርዓት መስፈርቱ ይላላ ትላላችሁ?

ጠበቃው
አይላላ። ዳኛ ማንን እየሰማ እንደሆነ ማወቅ አለበት። «የሕዝቡ ወኪል ነኝ» ብሎ ካሳውን ተቀብሎ የሚሰወር ሰው አይጠፋም። ደግሞም የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56 መጀመሪያ የአገርህን ፍርድ ቤት ጨርስ ይላል። መንግሥት ስህተቱን በቤቱ እንዲያርም ዕድል መስጠት ነው።

ራፖር ጸሐፊዋ
ወንድሜ፣ ያው አንቀጽ እኮ «ሂደቱ ያለአግባብ የተራዘመ ካልሆነ» ይላል። ኬንያም ይህንኑ መቃወሚያ አቅርባ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም።

እኔ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ክስ እጽፋለሁ። አንድ ቀን አንድ አባት መጡና ፌስታላቸውን ፈቱ። ከውስጡ በጃንሆይ ጊዜ የተከፈለ የከብት ግብር ደረሰኝ ወጣ። እጥፋቱ ላይ ተበልቷል፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል። ሌላ ወረቀት የላቸውም። መሬቱ የጎሳቸው ግጦሽ ነው፤ ደብተር ወጥቶለት አያውቅም። ጽፌላቸው መዝገብ ቤት ገቡ። «የሁሉንም ውክልና ያምጡ» ተባሉ። ከመቶ በላይ አባወራ ነው፣ ግማሹ ውኃ ፍለጋ ከከብቱ ጋር ርቋል። ደረሰኙን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉና ሄዱ። አልተመለሱም።

ጠበቃው
ያሳዝናል። ግን ያ የሕጉ ጥፋት አይደለም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 37 ማኅበርም፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች ቡድን አባልም ለቡድኑ ፍትሕ መጠየቅ ይችላል ይላል። አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደር ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል።

ራፖር ጸሐፊዋ
ታዲያ እሱ አንቀጽ መዝገብ ቤቱ መስኮት ድረስ ይድረስልን ነው የምለው!

ኦጊየኮችን ደግሞ ተመልከቱ። ኬንያ የአሩሻውን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ስምምነት፣ ፕሮቶኮሉን፣ አጽድቃለች፤ ግለሰብና ድርጅት በቀጥታ እንዲከሳት የሚፈቅደውን መግለጫ ግን አልሰጠችም። ስለዚህ ራሳቸው መክሰስ አልቻሉም። አቤቱታቸው መጀመሪያ ጋምቢያ፣ ባንጁል ላለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ቀረበ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሳሽ ሆኖ ወደ አሩሻ ወሰደላቸው። ኢትዮጵያ ያንን ፕሮቶኮል ፈርማለች እንጂ አላጸደቀችም። የእኛ አርብቶ አደር አቤቱታውን ይዞ ባንጁል ቢደርስ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ አሩሻ መንገድ የለውም።

መነሻውን የጠየቀው
ማስረጃውስ? ደን ውስጥ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ጉዳቱን በምን ያስላ?

ራፖር ጸሐፊዋ
የአሩሻ ዳኞች ለእያንዳንዱ ቀፎ ደረሰኝ አምጡ አላሉም። ልኩ በሒሳብ ሊገኝ ስለማይችል በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባሉት ግምት፣ ወሰኑ። ጠበቃው የፈራውንም አስበውበታል። ገንዘቡ በሰው እጅ አይታደልም፤ ለኦጊየኮች የልማት ፈንድ ይግባ፣ ኮሚቴው ውስጥም ራሳቸው የመረጧቸው ይቀመጡ አሉ። አታላይን ለመከላከል በሩን መዝጋት ግድ አልሆነም።

ጠበቃው
ይህን እቀበላለሁ። በየሰው ውክልና ፈንታ የጉባኤ ቃለ ጉባኤ ይበቃል ቢባል አልቃወምም። ግን ማን ተገኘ፣ ሴቶችስ ነበሩ ወይ፣ ማን ተቃወመ፣ ሁሉም ይጻፍ። የይርጋውን ነገር፣ ክስ በጊዜ ገደቡ ይቅረብ የሚለውን፣ ግን አልለቅም።

ራፖር ጸሐፊዋ
ይርጋው ከመቼ ይቆጠር? ሰውየው ከመሬቱ ከተነሣበት ቀን ከሆነ አልስማማም፤ የት እንደሚከስ የነገረው የለም። ቃለ ጉባኤውን ግን ተውልኝ፣ በጣት አሻራ ሞልቼ አመጣዋለሁ።