የ1960ዎቹ የጓሮ ትራክተር ላይ አዲስ ሞተርና ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ መግጠም፦ በየትኛው ልጀምር?

ቢጫ ብረት፦

ጤና ይስጥልኝ። በእጄ ያለው ትራክተር ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከ1963 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ያመርተው የነበረው ከብ ካዴት 100 ነው። ሻሲው፣ መሪውና የኋላ አክስሉ ጥሩ ይዞታ ላይ ናቸው፤ ኮህለር ኬ241 የሚባለው ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 391 ሲሲና 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሩ ግን ዘይት እያቃጠለ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ ተጎታች አስሬ ዳገት ስወጣም ጉልበቱ ይከዳኛል። ስለዚህ በምትኩ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር አዲስ ሞተር ለመግጠም አስቤያለሁ። ከዚሁ ጋር ባለ ሦስት ማርሹን ካምቢዮ አውርጄ፣ ከከብ ካዴት 123 የወጣ ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ (ኃይሉን በማርሽ ፈንታ በዘይት ግፊት የሚያስተላልፍ) ከነኋላ አክስሉ ለማስገባት እፈልጋለሁ፤ ሣር በማጭድበት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ በተመላለስኩ ቁጥር ፍሪሲዮን መርገጥ ሰልችቶኛልና።

ማወቅ የምፈልገው በየትኛው መጀመር እንደሚሻል፣ የጉልበቱ መጨመር አክስሉንና ማርሾቹን ይሰብር እንደሆነ፣ እንዲሁም ቡሎኖቹ የሚያርፉበትን ቀዳዳ ከማስተካከል በቀር ሌላ ምን እንደሚጠብቀኝ ነው። አንድ ጋራዥ ጠይቄ «አራት ቀዳዳ በስተህ ታስረዋለህ» ከሚል በስተቀር ያገኘሁት መልስ የለም።

የቶርኖ ሰው፦

ቀዳዳው ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ከማንኛውም ነገር በፊት ሊያዩት የሚገባው ሞተሩ በየትኛው ጫፉ ካምቢዮውን እንደሚያሽከረክርና ወደየት አቅጣጫ እንደሚዞር ነው።

ብዙዎቹ የጓሮ ትራክተሮች ኃይሉን በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ከሚታሰር ፑሊ በቺንጋ ይወስዳሉ። የእርስዎ ከብ ካዴት ግን እንደዚያ አይደለም። የሞተሩ ዋና ጫፍ ወደ ፊት ዞሮ የሣር ማጨጃውን ያሽከረክራል፤ ካምቢዮውን የሚያሽከረክረው ረጅም ዘንግ ደግሞ ከኋላ በኩል ካለው ፍላይዊል (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ) ላይ ይነሣል። አነስተኛ ሞተሮች በአብዛኛው ከዋናው ጫፍ ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩአቸው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ያንኑ ሞተር ከፍላይዊሉ በኩል ሲያዩት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል ማለት ነው። የእርስዎ ካምቢዮም የተሠራው ከኋላ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ለሚዞር ዘንግ ነው።

ብዙ ሰው አዲሱን ሞተር ሲገዛ የሚቀለው አሠራር ዋናውን ጫፍ ወደ ኋላ አዙሮ ከረጅሙ ዘንግ ጋር በጁንቶ (በዘንግ መገናኛ) ማገናኘት ይመስለዋል፤ ሲታይም እውነት ቀላል ነው። ይህን ካደረጉ ግን ዘንጉ በተቃራኒው ይዞራል፤ ባለ ሦስት ማርሹ ካምቢዮ ቢኖር ኖሮ ሦስት የኋላና አንድ የፊት ማርሽ ያለው ትራክተር ይሆንልዎት ነበር። የሣር ማጨጃውም ምላጮች በተቃራኒው ስለሚዞሩ ስለታቸው ወደ ኋላ ይሆንና ሣሩን በጀርባቸው እየመቱ ያስተኙታል እንጂ አያጭዱትም።

ስለዚህ ፍላይዊሉ ወደ ኋላ መሆን አለበት። እንዲያ ሲሆን ከፍላይዊሉ ላይ በቡሎን የሚታሰር አጭር ዘንግ በቶርኖ ማስወጣት ግድ ነው። ይህ ቁራጭ ከፍላይዊሉ መሐል ጋር በትክክል መግጠም ይኖርበታል፤ እኔ በኮምፓራተር (ጥቃቅን ልዩነት በሚለካ መሣሪያ) ስለካ ከ0.1 ሚሊ ሜትር የበለጠ መወላገድ ካየሁ መልሼ እሠራዋለሁ፤ በደቂቃ 3600 ዙር ላይ ትንሿ መወላገድ ቦኮላውንና የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ ትበላለችና። ዘንጉ የሚያልፈው የማቀዝቀዣ አየር በሚሳብበት መረብ በኩል ስለሆነ መረቡን ሲቀዱ ቀዳዳውን አስፍተው አይተዉት፤ የሣር ድርቆሽ ገብቶ የሲሊንደሩን ክንፎች ከደፈነ አዲሱ ሞተር በመጀመሪያው በጋ ይቃጠላል።

ሦስተኛ ማርሽ፦

ስለ አክስሉ መሰበር ለጠየቁት፣ ስጋቱ ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው ባይ ነኝ። በቁጥር ላሳይዎ። 10 የፈረስ ጉልበት በ3600 ዙር ላይ ወደ 20 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ቶርክ (የማዞር ኃይል) ነው፤ 20 የፈረስ ጉልበት ደግሞ 40። አሁን በአንደኛ ማርሽ ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለው ጠቅላላ ቅነሳ ለአብነት 50 ለ 1 ነው እንበል፤ አሮጌው ሞተር ብቻውን አክስሉ ላይ 1000 ኒውተን ሜትር ያህል ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። በአንጻሩ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ነጂውን ጨምሮ 200 ኪሎ ግራም ቢያርፍ፣ ደረቅ መሬት ላይ የጎማው አያያዝ 0.6 ቢሆንና ጎማው ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጎማዎቹ ከመንሸራተታቸው በፊት ሊሸከሙ የሚችሉት 330 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ አሮጌውም ሞተር ጎማውን ማንሸራተት ይችላል፤ አዲሱ ከዚያ በላይ አክስሉን ሊጨቁነው የሚችልበት መንገድ የለም። ጉልበቱ የሚለየው በከፍተኛ ማርሽ፣ በዳገትና ማጨጃው ወፍራም ሣር ሲገጥመው ነው።

አክስል የሚሰብረው ሌላ ነገር ነው፤ ጎማው ላይ የሚታሰር የብረት ክብደት፣ ሰንሰለት፣ ጎማ ውስጥ የሚሞላ ውኃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮንን በድንገት መልቀቅ። እነዚህን እየጨመሩ ከሄዱ በ10 የፈረስ ጉልበትም ይሰብሩታል።

ሃይድሮስታቲኩን በተመለከተ ግን ሥራዎ ማረስን የሚጨምር ከሆነ ሁለት ጊዜ ያስቡበት። ሃይድሮስታቲክ ለሣር ማጨጃና ተጎታችን ለማጠጋጋት ወደር የለውም፤ ይሁን እንጂ ከማርሽ ይልቅ ብዙ ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ቀኑን ሙሉ በዝግታና በከባድ ጭነት ከሠራ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ለማረሻ የምመርጠው ባለ ሦስት ማርሹን ነው።

ቢጫ ብረት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማረስ ሐሳቤ አይደለም፤ ሣርና ተጎታች ብቻ ነው። የቶርኖ ሰውን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የኋላው የዲፈረንሻል ትልቅ ማርሽ ወደ ሌላው ጎን ተገልብጦ ቢታሰር የአክስሉ አዟዟር ይቀየራል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ሞተሩን አዙሬ አስሬ ያን ቶርኖ ሥራ ለምን አላስቀረውም?

የቶርኖ ሰው፦

አባባሉ ትክክል ነው፤ ማርሹ የተቀመጠበት የብረት ቤት ውስጥ በቂ ቦታ እስካለ ድረስ ማርሹን በመገልበጥ የአክስሉ አዟዟር ይቀየራል። ነገር ግን ያ የሚያስተካክለው ከካምቢዮው በኋላ ያለውን ብቻ ነው። ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዋናውን ፓምፕና ሞተር በዘይት የሚመግብ አንድ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ እርሱ የሚሠራው ዘንጉ በተወሰነለት አቅጣጫ ሲዞር ብቻ ነው። በተቃራኒው ቢያዞሩት ዘይት መግፋቱን ትቶ ይስባል፤ ፒስተኖቹም ያለ ዘይት ይፋተጋሉ። ስለዚህ የዲፈረንሻሉ መገልበጥ ለባለ ማርሽ ካምቢዮ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ዕቅድ ግን ትራክተሩ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ፓምፑን ያስበላዎታል። የማጨጃው ችግርም እንዳለ ይቀራል።

ሌላው የሞተሩ አቀማመጥ ነው። የእርስዎ ትራክተር ሞተር ከሻሲው ጋር በቀጥታ በቡሎን የሚታሰር ነው። ኩባንያው ከ1974 ጀምሮ ባወጣቸው ክዋየትላይን በተባሉት ሞዴሎች ሞተሩን በላስቲክ ሱፖርት ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ላስቲኩ ሲያረጅ ሞተሩ ይዘነበልና የዘንጉ መገናኛ ይበላል፤ የእነዚያን ትራክተሮች ባለቤቶች ብትጠይቁ ይህን ታሪክ የማያውቅ አይኖርም። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ሞተር ከአሮጌው በጣም ያነሰ ስለሚንቀጠቀጥ ላስቲክ አያስፈልገውም። በጠንካራ ብረት ሳህን ላይ በቀጥታ ይሰሩት፤ ከፍታውንም የካምቢዮው ዘንግ መሐል ላይ እስኪያርፍ ድረስ በቀጫጭን ብረት እያነጠፉ ያስተካክሉ።

ፊውዝ፦

ስለ ሽቦው ማንም ስላላነሣ እኔ ልጨምር፤ አዲስ ሞተር ሳይነሣ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና።

አሮጌው ኬ241 የሚነሣው በባትሪና በቦቢና ነው፤ ቁልፉን ሲያበሩ 12 ቮልት ወደ ቦቢናው ይሄዳል። አዲሱ ሞተር ግን በፍላይዊሉ ላይ ባለው ማግኔት ራሱ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የሚጠፋውም የማጥፊያ ሽቦው ከማሳ (ከትራክተሩ የብረት አካል) ጋር ሲገናኝ ነው። የአሮጌውን ቁልፍ ሽቦ እንዳለ ወስደው በአዲሱ ሞተር ማጥፊያ ላይ ካሰሩት፣ 12 ቮልቱ የእሳት ማመንጫውን ክፍል ወዲያውኑ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ቁልፉ ራሱ መቀየር አለበት፤ ሲያጠፉት ማጥፊያውን ከማሳ ጋር የሚያገናኝ፣ ሲያበሩት ደግሞ የሚለያይ ዓይነት ይግዙ። በባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ቦቢናዎች ከሚያገናኘው የማጥፊያ ሽቦ ውስጥ ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎች) አሉ፤ ይህን ሽቦ ቆርጠው በሌላ አይተኩት። ካርቡሬተሩ ላይ ነዳጅ የሚዘጋ ሶሌኖይድ ካለ እርሱ 12 ቮልት የሚፈልገው ቁልፉ ሲበራ ነው፤ የሁለቱ ሽቦ ሥራ ተቃራኒ መሆኑን ልብ ይበሉ።

የድሮው ትራክተር ሞተሪኖና ዲናሞ በአንድ ዕቃ የተሠሩ ሆነው በቺንጋ የሚዞሩ ናቸው። አዲሱ ሞተር የራሱ ሞተሪኖና ከፍላይዊሉ ሥር የተቀመጠ ቻርጅ ማድረጊያ ስላለው አሮጌው ዕቃ ከነሬጉሌተሩ ይወጣል። ከመግዛትዎ በፊት ቻርጅ ማድረጊያው ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ይጠይቁ። የማጨጃውን ፍሪሲዮን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካደረጉት እርሱ ብቻውን ከ3 እስከ 5 አምፔር ስለሚበላ፣ ለመብራት ብቻ ታስቦ የተሠራ ቻርጅ ማድረጊያ ባትሪዎን በግማሽ ቀን ሥራ ባዶ ያደርገዋል። መቀመጫ ላይ ሰው ሳይኖር ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያም አሁኑኑ ይጨምሩበት፤ በ1960ዎቹ ትራክተር ላይ አልነበረም፣ ሽቦውን እንደገና ሲዘረጉ ግን ተጨማሪ ድካም የለውም።

አሮጌው ይሻላል፦

የሁሉንም ምክር አነበብኩ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ቶርኖ፣ ሽቦና ሳህን ለምን አስፈለገ? ኬ241፣ ኬ301 እና ኬ321 የውጭ አካላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ 476 ሲሲ የሆነው ኬ301 12 የፈረስ ጉልበት፣ 512 ሲሲ የሆነው ኬ321 ደግሞ 14 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ለዚህ ትራክተር የተዘጋጀ ኬ321 አግኝተው ቢያድሱት በዚያው ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል፣ ረጅሙ ዘንግ ይገጥመዋል፣ ኮፈኑም ሳይቆረጥ ይዘጋል። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ሞተር ግን በጎን ሰፊ ስለሆነ የሲሊንደሮቹ ጭንቅላቶች ከሻሲው ይወጣሉ፤ ማርሚታውም የት እንደሚገባ ሲያስቡ ይቸገራሉ። ሃይድሮስታቲኩን ግን እኔም እደግፋለሁ፤ ከነአክስሉ ካገኙት በሻሲው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ተመሳሳይ ነው።

ቢጫ ብረት፦

ይህን አማራጭ አላሰብኩትም ነበር፤ 14 የፈረስ ጉልበት ለእኔ ሥራ ይበቃል። እንግዲህ ሃይድሮስታቲኩን አስቀድሜ ገጥሜ በአሮጌው ሞተር ልሞክረውና የካምቢዮውን ጤንነት ካረጋገጥኩ በኋላ ወደ ሞተሩ ብመጣ ምን ትላላችሁ?

ሦስተኛ ማርሽ፦

ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከቀየሩ ችግር ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ አያውቁም። ሃይድሮስታቲኩን ሲገጥሙ ሁለት ነገር ያስታውሱ። ፍሪሲዮኑ ስለሚወጣ ሞተሪኖው ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር ፓምፑንም አብሮ ያዞራል፤ ብርድ ላይ ዘይቱ ሲወፍር ጭነቱ ስለሚከብድ ደካማ ባትሪ አይበቃውም። ፔዳሉም አሁን ፍሪሲዮንና ፍሬን በአንድነት የሚሠራ ነው፤ በአዲሱ ግን የፍጥነት ዘንጉን ወደ መሐል የሚመልሰውና ፍሬኑን የሚይዘው ማያያዣ ከ123 ላይ አብሮ መምጣት ይኖርበታል፤ ሻጩ ካምቢዮውን ብቻ አውጥቶ ከሰጠዎት ይህን ሳይዙ አይሂዱ።

ሞተሩ ሲቀየር ደግሞ የማጨጃውን ፑሊ ልክ ይለኩ። በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካ የደኅንነት መስፈርት የምላጭ ጫፍ ፍጥነት በሰከንድ ከ96.5 ሜትር እንዳያልፍ ይወስናል፤ ይህም 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ምላጭ በደቂቃ 4600 ዙር ገደማ ነው። ሞተሩ በ3600 ዙር ሲሠራ የሁለቱ ፑሊዎች ምጥጥን ከ1.28 ከበለጠ ይህን ወሰን አልፈዋል። የሞተሩን ገቨርነር (የዙር መቆጣጠሪያ) ደግሞ ዙር ለመጨመር ብለው አይንኩት።