የእንቁጣጣሽ ኪት ዕቅድ፦ 60 ኪት ከነፍሬሙ (ረቂቅ 2)

ጸሐፊዋ፣ ሰኞ
የአምናውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም። የኤክስ ጥልፍ ኪታችን ረቂቅ 2 ይኸው።
ሥዕሉ አደይ አበባ ነው፤ ወርዱ 84፣ ቁመቱ 112 ኤክስ። 14 ቁጥር አይዳ (በአንድ ኢንች 14 ኤክስ የሚይዝ ባለ ቀዳዳ የጥልፍ ጨርቅ) ላይ ሲሰፋ 15.2 በ20.3 ሴንቲ ይወጣል። 20 በ25 ፍሬም ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን 2.4 ሴንቲ ገደማ ባዶ ጨርቅ ይታያል። ከአበባው ሥር «መልካም አዲስ አመት» የሚል ጽሑፍ አለ። ኪቱ 31 በ36 ሴንቲ የተቆረጠ አይዳ፣ ክር፣ 24 ቁጥር መርፌ ሁለት፣ ቻርት (በሣጥን የተሣለ የጥልፉ ንድፍ)፣ ፍሬም፣ ጨርቁ የሚወጠርበት ፎም ቦርድና ስፒል ይይዛል። ገዢው ሰፍቶ ሲጨርስ ፍሬም ቤት ሳይሄድ ራሱ ይሰቅለዋል፤ የዕቅዱ ቁም ነገር ይሄ ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ። ቅዳሜ ብር ይወጣል።

ሒሳብ ያዥ
አይዳው 110 ወርድ ነው። በረቂቁ ልክ፣ 31 በ36፣ አንድ ረድፍ 3 ቁራጭ ይሰጣል፤ ለ60 ኪት 6 ሜትር ከ20። 26 በ31 ብናደርገው በረድፍ 4 ይወጣል፣ 4 ሜትር ከ65 ይበቃናል። ሜትር ተኩል አይዳ የሚጣል አይደለም። ትንሹ ይሁን።

ባለ ፍሬም
ትንሹ አይሆንም። ዙሪያውን 5 ሴንቲ ከተተወ 2.4ቱ ፊት ለፊት ይታያል፣ ግማሽ ሴንቲ የፎም ቦርዱ ውፍረት ይበላል። ወደ ኋላ የሚታጠፈው 2 ሴንቲ ብቻ ነው። አይዳ 2 ሴንቲ ላይ በክር ሲወጠር ጠርዙ ይተረተራል፤ ክሩ ጨርቁን ይዞት ይወጣል። ደግሞ መሀሉን ሳይለካ የሚጀምር ሞልቷል፤ 10 ኤክስ ከሳተ 1.8 ሴንቲ ሄደ ማለት ነው። 7.5 ሴንቲ ይተው፣ ጠርዙም በዚግዛግ ይምጣ።

የሳሪሷ
ከጨርቁ በፊት፦ «አመት» ተብሎ ነው የሚሸጠው? ዓመት በዓይኑ ዓ ነው።

ጸሐፊዋ
ቻርቱ አልቋል። በአልፋው አ-ም ይነበባል።

የሳሪሷ
ስለተነበበ ልክ ሆነ? ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው እንጂ የስልክ መልእክት አይደለም።

ወፍራም መርፌ
ባነሩም ፖስት ካርዱም «አመት» እያለ ሲሸጥ ኖሯል። ሰው የሚገዛው አበባውን ነው።

የሳሪሷ
ስጦታውን የሚቀበሉት እናቶቻችን ናቸው፣ ከመጀመሪያ የሚያዩትም ፊደሉን ነው። «ሰላም»ን በንጉሡ ሠ የሚጽፍም ሞልቷል፣ እሱንም እንከተል?

ማር
ናሙናውን እኔ እሰፋለሁ! እስከ ረቡዕ አደርሳለሁ።

ክር ቆጣሪ፣ ማክሰኞ
ፊደሉን መቀየር በአፍ ቀላል ነው፣ ቻርት ላይ ግን እንዲህ ነው። የፊደሎቹ ቁመት 9 ኤክስ ነው። አ በሁለት እግሩ 6 ወርድ ይይዛል። የዓ ክብ ማዕዘኖቹ ባዶ ተትተው 5 በ5 ይፈልጋል፣ ከሥሩ ለእግሩ 4 ረድፍ ይቀራል። በ4 በ4 ከተሞከረ ክብ መሆኑ ቀርቶ ሳጥን ይሆናል። ስለዚህ ዓ ከገባ ጽሑፉ ከ75 ወደ 74 ያጥራል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ይሻላል፤ 75 ሲሆን በግራ 4 በቀኝ 5 ነበር የሚተርፈው፣ በ74 ግራና ቀኙ እኩል 5 ይሆናል።

የሳሪሷ
ጨርቁ ራሱ መሰከረ።

ወፍራም መርፌ
አንድ ኤክስ ነው እኮ! 1.8 ሚሊ! በእናታችሁ ስለ ዋጋው እናውራ።

ጸሐፊዋ
ቻርቱ ለናሙና 20 ቅጂ ታትሟል። አሁን ይቀየር ከተባለ እሱ ሁሉ ቆሻሻ ነው።

ሒሳብ ያዥ
በማን ፈቃድ ታተመ? ቅዳሜ ነው ብር የሚወጣው ያልሽው አንቺ ራስሽ ነሽ።

ጸሐፊዋ
ከኪሴ ነው። ደረሰኝም አላመጣሁም፣ እንደ አምናው ስትቆጥሩብኝ እንዳልኖር።

ሒሳብ ያዥ
የአምናውን አታንሺብኝ።

ክር ቆጣሪ
እናንተ ስትጨርሱ የክሩ ይኸው። የዲኤምሲ (የክር ፋብሪካው) የቀለም ቁጥር ነው፦ 972 ቢጫ 1,500 ኤክስ፣ 444 ቢጫ 700፣ 699 አረንጓዴ 1,000፣ 801 ቡና 250፣ 310 ጥቁር (ጽሑፉ) 350። አንድ ቱባ 8 ሜትር ነው፣ ስድስት ነጠላ አለው። በሁለት ነጠላ ሲሰፋ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ ከ1,600 እስከ 1,800 ኤክስ ያወጣል። ስለዚህ 972 ለአንድ ኪት አንድ ሙሉ ቱባ፣ 444 ግማሽ፣ 699 5 ሜትር፣ 310 2 ሜትር። ከጥቁሩ 15 ቱባ ለ60ው ይበቃል። 972 ግን ባንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሣጥን ይገዛ። ሁለት ጊዜ ከተገዛ የማቅለሚያው ዙር ይለያያል፤ ያው ቁጥር ሆኖ አበባው ላይ ጠረፉ ይታያል።
የዲኤምሲን ቁጥር ይዞ የሚመጣው ርካሹ ክር ለቢጫው ችግር የለውም። ለጥቁሩ ግን መጀመሪያ ይፈተን፦ ክሩን አርጥቦ ነጭ ጨርቅ ላይ መጫን ነው፤ ግራጫ ከተወ አይገዛ። ታጥቦ ቀለሙ ከለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃ ውኃው እስኪጠራ ማጠብ እንጂ ማድረቅ የለም። ከደረቀ በኋላ እድፉ አይለቅም።

ወፍራም መርፌ
ጥያቄ፦ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ይውጣና ፳፻፲፱ ይግባ። አ የለ፣ ዓ የለ።

የሳሪሷ
የግእዝ ቁጥር ከላይም ከታችም መስመር አለው፣ ያለ መስመሩ እንዳታደርጉት።

ክር ቆጣሪ
መስመሮቹና ክፍተታቸው 4 ረድፍ ይጨምራሉ። ለቁጥሩ ራሱ 5 ረድፍ ብቻ ይቀረዋል፤ ፲ እና ፱ በ5 ረድፍ አይለዩም።

ሒሳብ ያዥ
ቁጥር ከተጻፈበት ደግሞ ያልተሸጠውን በ2020 ለማን እንሸጠዋለን? አይሆንም።

ባለ ፍሬም፣ ረቡዕ
ፍሬሙን ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። ከመርካቶ የሚመጣው የፎቶ ፍሬም የውስጥ ጥልቀቱ 1 ሴንቲ ገደማ ነው። ደምሩ፦ መስታወት 2 ሚሊ፣ መስታወቱን ከጥልፉ የሚያርቀው ቁራጭ 3፣ ጨርቁ 1፣ ፎም ቦርዱ 5፣ የጀርባው ክዳን 3። 14 ሚሊ ነው፣ አይዘጋም። ሰው ደግሞ ሲያቅተው ማራቂያውን ያወጣና መስታወቱን ጥልፉ ላይ ይጫነዋል። ኤክሱ ይደፈጠጣል፣ ክረምት ላይ መስታወቱ ሲያልበው እርጥበቱ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፣ ነጠብጣብ ያወጣል። ያለ መስታወት ከሆነ 9 ሚሊ ነው፣ ይዘጋል።
አሠራሩም ኪቱ ውስጥ ይጻፍ። ጥልፉ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ አይጨመቅም፣ ፎጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጫናል። በውኃ በሚለቅ እስክሪብቶ መስመር የተሠመረበት ሳይታጠብ ካውያ ከነካው መስመሩ እዚያው ይቀራል። ካውያው በጀርባው በኩል፣ ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነው፤ በፊቱ ከተተኮሰ ኤክሱ ይተኛል። ፎም ቦርዱ ከፍሬሙ ውስጥ በየወርዱና በየቁመቱ 3 ሚሊ አንሶ ይቆረጣል፣ የሚታጠፈው ጨርቅ ቦታ ይፈልጋላ። የአራቱም ጎን መሀል በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። ከዚያ ስፒል ከመሀል ወደ ማዕዘን፣ በየ2 ሴንቲው፣ የቦርዱ ውፍረት ውስጥ። ዋናው ነገር፦ ሁሉም ስፒል አንድ የአይዳ ቀዳዳ ረድፍ ላይ ይሁን። አንዱ አንድ ረድፍ ከዘለለ አበባው ያዘነብላል፣ ፍሬሙ ቀጥ ስላለ ደግሞ የበለጠ ይታያል። ከዚያ ጀርባውን በጠንካራ ክር ከግራ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከላይ ታች መወጠር። ኮላና ስኮች የሚባል እንዳይነካው፤ ዓመት ሳይሞላው ቡኒ ሆኖ ወደ ፊት ይወጣል።

የሳሪሷ
ያለ መስታወት የከሰሉንና የዕጣኑን ጭስ ማን ይከለክለዋል? ቢጫ በስድስት ወር ቡና ይመስላል። ጋሼ፣ ግን አሠራሩ ላይ «ዓመት»ን በዓይኑ ጽፈዋል፣ ተባረኩ።

ባለ ፍሬም
እኔን እዚህ ውስጥ አታስገቡኝ።

ጸሐፊዋ፣ ሐሙስ
ማር፣ ናሙናው የት ደረሰ? ረቡዕ አልፏል።

ክር ቆጣሪ
3,800 ኤክስ ነው እኮ። በሰዓት 100 ብትሰፋ 38 ሰዓት። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ማን ይችላል? ስትል መከልከል ነበረብን።

ወፍራም መርፌ
ስልኳም አይነሳም።

ጸሐፊዋ
እሺ፣ ሰልችቶኛል። ጽሑፉ ይውጣ። ቦታው ባዶ ሪባን ይሁንና ገዢው የፈለገውን ይጻፍበት፣ ስሙንም ቢሆን። ፊደሉን የያዘ አንድ ወረቀት እንጨምራለን።

የሳሪሷ
ይሄ ጥሩ ነው። ግን ፊደሉ ሙሉ ይሁን። ዓም፣ ኀም፣ ሠም፣ ፀም።

ክር ቆጣሪ
33 በ7፣ 231 ፊደል ነው። በ9 ረድፍ ቁመት አንድ ወረቀት ላይ አይገባም፤ ወረቀቱ ኤ4 ከሆነና የቻርቱ ሣጥን እንዲነበብ 2 ሚሊ ከሆነ 4 ገጽ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ኧ፣ ቨ እና ዲቃሎቹ።

ወፍራም መርፌ
4 ገጽ ከሆነማ ለብቻው ይሸጥ። ፊደል የሚፈልግ ልጅ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፣ ጨርቅም ፍሬምም አይፈልግም።

ሒሳብ ያዥ
ይሄኛው ሒሳቡ ይታየኛል። ወረቀት ብቻ ነው፣ አይዳ የለ። ለመጀመሪያው ዙር 100 ቅጂ እንበል። ኪቱ ወደ 20 ይውረድ።

ባለ ፍሬም
20 ኪት ከነፍሬሙ?

ሒሳብ ያዥ
ያለ ፍሬም። ፍሬሙ ለገና ይቆይ፣ ጥልቀቱም እስኪገኝ።

ባለ ፍሬም
ዕቅዱ ርዕሱ «ከነፍሬሙ» ይላል።

ጸሐፊዋ፣ ዓርብ
ርዕሱን በረቂቅ 3 አስተካክላለሁ። 231ዱን ፊደል ማን ቻርት ያደርጋል? ክር ቆጣሪ?

ክር ቆጣሪ
ከሀ እስከ መ እኔ። የቀረውን የሚወስድ ይናገር።

የሳሪሷ
ከሀ ስትጀምር ሀሌታው ሀን ከሐመሩ ሐ ለይተህ ስፋው፣ ወርዳቸው እኩል እንዳይሆን።

ወፍራም መርፌ
ደሞ ጀመርን።

ጸሐፊዋ
ከሠ ጀምሮ ያለውን የሚወስድ? ... 20ውን የታተመ ቻርት የሚፈልግ ካለም ቤት አለ፣ ይምጣና ይውሰድ።